ዶፍ ያላስቀረው ሽርሽር፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ መንዝ ጓሳ

በአገራችን አቈጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ወራት ነው። አውሮፓውያን ክረምት የሚሉት ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ስለ ሆነ፣ የኛ ክረምትና የነሱ ክረምት በስም እንጂ በግብር አይገናኙም። እነሱ በረዶ ላይ በስኪ ሲንሸራተቱ እኛ በአውድማ ላይ እህል እንወቃለን፤ እኛ ጭቃ ስናቦካ እነሱ በባሕር ዳር ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለዚህ በፈረንጅ አገር የክረምት ሽርሽር የታወቀ ነገር ሲሆን፣ በኛ አገር እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎም «በዚህ ዶፍ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው አግባብ አለው። ገበሬው በክረምት ከእርሻውና ከአረሙ አይለይም፤ ከተሜውም ከሥራው በቀር ከምድጃው ርቆ መሄድን አይወድም። ሆኖም በአገራችን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ የአስተማሪ ዕረፍት ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናም ጋራ አብሮ ይመጣል። በጋውን ሁሉ ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው፣ ፀሐይ እስኪወጣ ልጠብቅ ቢል መስከረም ይጠባና ደወሉ ይደወልበታል። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ እኔም የዓመት ፈቃዴን ከእርስዋ ዕረፍት ጋራ ለማስማማት በየዓመቱ ነሐሴን እመርጣለሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት «ወይ በዝናም መውጣት ነው፣ ወይ ጨርሶ አለመውጣት ነው» አለችኝ፤ ነገሩ በዚያው ተቈረጠ።

ሁለተኛም ምክንያት አለን። የምንኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የቈርቈሮ ክዳን ቤት ነው። የቈርቈሮ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ይረዳኛል፤ ሐምሌ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ዶፉ ሲጀምር ባልና ሚስት ጐን ለጐን ተቀምጠው እንኳ ሊደማመጡ አይችሉም። «ቡና ላፍላ ወይ?» ስትለኝ «አዎን፣ ዘግቼዋለሁ» ብዬ የመለስሁበት ቀን አለ። ከዛፍ ሥር ግን ዝናም ያን ያህል አይጮኽም። ስለ ገንዘብም፣ ስለ ቤተ ዘመድም፣ እርስ በርሳችን ስላስቀየመን ነገርም ብዙውን የተነጋገርነው በመንገድ ላይ ስንሄድ ነው።

የአዲስ አበባ ዝናም በዓመት ከሚዘንበው ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ዝናሙ ልማድ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጧቱን ይታገሥና ከቀትር በኋላ ይጀምራል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ እንነሣለን። በማዞሪያው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ሳይጀምር፣ በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶችም ከሰላቸውን ገና ሲያቀጣጥሉ፣ በቀለበቱ መንገድ ወደ ዊንጌት፣ ከዚያም በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ መንገድ እንወጣለን። ከተማው ከኋላ ሲቀር በግራ በኩል ወጨጫ ጉሙን ተከናንቦ ይታያል።

ከሁሉ የምንወደው በዚያ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን ነው። ደኑ በተፈጥሮ ብቻ የበቀለ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ተራራው ተራቍቶ ቢያዩት፣ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ፍሬ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ዛሬ በዚያ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ተደባልቀው ቆመዋል፤ ወደ ጫፉ ሲወጡ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ይቀራል። በበጋ የሄደ ሰው ጉሬዛና ድኩላ አይቶ ይመለሳል። በክረምት የሄደ ግን ድምፅ ይሰማል፤ ዝናሙ ካባራ በኋላ ቅጠሉ ሁሉ ለአንድ ሰዓት ያህል መንጠባጠቡን አይተውም፤ ጉሬዛውም ጠጕሩን እያራገፈ ከላይ ውሃ ይረጫል። ጥላ የያዘ ሰው በዚያ ደን ውስጥ ትርፉ ከቅርንጫፍ ጋራ መታገል ነው። የሚበጀው ቦቲ ጫማና ለራስ የሚሆን ቆብ ነው።

እንጦጦንም እናዘወትራለን፤ ስለ እርሱ ግን ብዙ አልጽፍም፤ በ2013 ዓ.ም መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ የማያውቀው የለምና። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ ጉም ውስጥ ከቅርብ እንኳ የማይታይበት ጊዜ እንዳለ ብቻ ልናገር።

አሁን ወደ በረዶው ነገር ልግባ። ባለቤቴ በረዶ የማየት ምኞት ያደረባት በየካቲት 1998 ዓ.ም ነው። በዚያን ወር በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ የክረምት ኦሊምፒክ ተከፍቶ ነበር፤ ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈለች። ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ የገባው ሮቤል ተክለ ማርያም አዲስ አበባ የተወለደ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያ ስኪ የተማረ ሰው ነው። ከእርሱ በቀር ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረንም። የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ ነው። ይኸውም ከተራራ አናት እንደ ቀስት ተወርውሮ የሚወረድበት ዓይነት ሳይሆን፣ ሁለት በትር ይዞ፣ ረዥምና ቀጭን መንሸራተቻ ከጫማ ጋራ አስሮ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም በራስ ጕልበት የሚሮጥበት ነው። ስለዚህም ለሯጭ አገር ሰው ባዕድ አይሆንም። በ2002 ዓ.ም ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር በተደረገው ኦሊምፒክ ዳግመኛ ቀርቧል። ወደ አገሩ ሲመጣ በረዶ ስለማይገኝ፣ ጐማ በተገጠመለት መንሸራተቻ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ባለቤቴ ይህን በሰማች ጊዜ «በረዶ የሌለው ሰው በአስፋልት ከተንሸራተተ፣ እኛ ተራራ እያለን ለምን በረዶ ሳናይ እንቀራለን?» አለች።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ልጨምር። እኛ በረዶ የምንለው ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፈረንጅ አገር እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም ነው። ለጥጥ መሳዩ ግን አባቶቻችን አመዳይ የሚል ስም ነበራቸው፤ በመዝሙረ ዳዊትም በረዶና አመዳይ ለየብቻቸው ተጠቅሰው ይገኛሉ። ቃሉ የመጣው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ በአንድ የድንጋይ ዙፋን የተቀረጸ የግሪክ ጽሕፈት ገልብጦ ነበር። ጽሕፈቱ ከእርሱ በፊት የነበረ የአክሱም ንጉሥ ያሸነፋቸውን ሕዝቦች ሲቈጥር፣ የስሜንን ሰዎች ይጠራና አገራቸው በማይወጡት ተራራ ላይ መሆኑን፣ አመዳዩም ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት መሆኑን ይናገራል። የራስ ዳሸን ከፍታ 4,533 ሜትር ነው፤ ዛሬም በረዶ አልፎ አልፎ ያለብሰዋል፤ ግን ወዲያው ይቀልጣል።

ስሜን ለኛ ሩቅ ነው። መንዝ ግን ቅርብ ነው፤ በመንዝ ያለው የጓሳ አምባም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኵል ያህል ስለሚቀንስ፣ ኮልፌ ላይ ካፊያ ሆኖ የሚውለው ደመና እዚያ በረዶ ቢጥል አያስደንቅም። በዚህ ተስማማንና ዓርብ ነሐሴ 18 ቀን 2010 ዓ.ም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤታችን ወጣን።

ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰላም አለቀ። ከተማዋን የመሠረቱት እኒያው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘን፤ ጣርማ በር ስንደርስ ግን መስታወቱ ላይ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ኢጣልያኖች የፈለፈሉት ዋሻ በፊታችን እንዳለ እናውቃለን፤ አላየነውም። አውቶቡሱ ዋሻውን ሳይገባ ወደ ግራ ተገንጥሎ የጠጠሩን መንገድ ያዘ። አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ጉሙን እያዩ «ዛሬ አምባው አኵርፏል» አሉ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የኋላው ጐማ ማጥ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ወረድንና ገፋን፤ ድንጋይ ደለደልን፤ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን እስከ ብረቱ ሰጠመ። ሾፌሩ ጐንበስ ብሎ አይቶ ሲያበቃ፣ ሌላ መኪና መጥቶ ካልጐተተው በቀር ማታውን እንደማይወጣ ነገረን። ከተሳፋሪው ግማሹ በዚያው ለማደር ተስማማ። ገበሬው ግን መንደራቸው የአንድ ሰዓት መንገድ መሆኑን ነግረውን «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ናችሁ፤ ከዚህ ተኰራምታችሁ ከምታድሩ ከኔ ጋር ኑ» አሉን። እሳቸው በበግ ለምድ ላይ ገሳ ደርበዋል። ገሳ ከጓሳ ሣር የሚታታ የዝናም ልብስ ነው፤ ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ባለቤቴ ሹራብና በላዩ ጋቢ ለብሳ ነበር፤ እኔ የዝናም ካፖርቴን እንካ ብላት እንቢ አለች።

ግማሽ ሰዓት እንደ ሄድን በረዶው መጣ። መጀመሪያ ነጐድጓድ ሰማን፤ ቀጥሎ ሽንብራ የሚያካክል፣ ኋላም ባቄላ የሚያካክል ይወርድ ጀመር። ጅብራው ሥር ገብተን ራሳችንን በእጃችን ሸፈንን። ጅብራ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን፣ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ ቅጠሉን የዘረጋ የደጋ ተክል ነው፤ ጥላነቱ ግን ለስሙ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ወርዶ ሲያባራ አምባው በሙሉ ነጭ ሆነ። ሣሩ አይታይም፤ መንገዱ አይታይም፤ እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስ በረዶ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዝም ብላ አየችው። ከዚያም ነጠላ ጫማ እንዳጠለቀች ልጅ እየሣቀች ወደ ቍልቍለቱ ሄደችና በቦቲዋ አሥር እርምጃ ያህል ተንሸራተተች። «ይኸውልህ ስኪ!» ብላ ጮኸች። ገበሬው ይህን ባዩ ጊዜ አማተቡ። ከዳገቱ ግርጌ በረዶው የሸፈነው የውሃ ቦይ ስለ ነበረ ሦስተኛው ሙከራ እስከ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ከተታት።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ነፋስ ተነሣ፤ በረዶው ወደ ዝናም ተለወጠ። ጋቢዋ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ። በመጀመሪያ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ «ቆፈን ያዘኝ» እያለች እጇን ታሻለች። ቈይቶ መንቀጥቀጧን ተወች። እኔ ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን እግሯ ይወላከፍ ጀመር፤ ንግግሯም እንደ ሰካራም ተጐተተ፤ በወንድሟ ስም ጠራችኝ። ጥቂት ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «ሞቆኛል፣ ትንሽ ልረፍ፣ እናንተ ሂዱ» አለች። ገበሬው ዞር ብለው ፊቷን አዩና ጭውውታቸውን አቆሙ።

«ተነሺ ልጄ፤ እዚህ ቁጭ ማለት የለም» አሉ። እርጥቡን ጋቢ ገፍፈው ጣሉት፤ የራሳቸውን ለምድ አለበሷት፤ በላዩ ገሳውን ደረቡላትና በአንድ በኩል እሳቸው፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን አስኬድናት። የቀረውን መንገድ ምን ያህል እንደ ሄድን አላውቅም። በየመካከሉ «ስምሽ ማን ነው? የስንተኛ ክፍል ታስተምሪያለሽ?» እያሉ ይጠይቋት ነበር፤ እንዳትተኛ ነው። መልሷን ስትስት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙታል።

በድንጋይ በተሠራው ቤታቸው የኩበት እሳት ይነድዳል። የቤቱ እመቤት አንድ ቃል ሳይጠይቁ እኔን ወደ ውጭ አስወጡና እርጥብ ልብሷን ሁሉ አውልቀው በደረቅ ባና ጠቀለሏት፤ ራሳቸውም አብረዋት ተጠቀለሉ። ከዚያ የገብስ አጥሚት በጥቂት በጥቂት አጠጧት። እኔ እጇንና እግሯን ላሻሽ ብል «ተወው፤ ደረቷ ይሙቅ እንጂ እግሯ በኋላ ይደርሳል» አሉኝ። አንድ ጐረቤት አረቄ ይዞ ቢመጣ ለኔ አስቀድተው ለእርስዋ ከለከሉ። እንደገና መንቀጥቀጥ ስትጀምር ጊዜ «አሁን ተመለሰች» ብለው ፈገግ አሉ።

ኋላ አንድ የማውቀውን ሐኪም ስለዚህ ነገር ጠይቄው፣ እመቤቲቱ ያደረጉት ሁሉ ልክ መሆኑን አስረዳኝ። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ አደጋ ይጀምራል። መንቀጥቀጥ ሰውነት ሙቀት የሚያበጅበት ዘዴ ስለ ሆነ ደግ ምልክት ነው፤ ልብሱ ሳይደርቅ፣ ሰውዬውም ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ቀርቶ አንደበት ሲተሳሰር ነው መፍራት። አረቄ የሚሞቅ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሙቀቱን ያባክነዋል። እጅና እግርን ማሸትም የቀዘቀዘውን ደም ወደ ልብ ሊመልሰው ይችላል። ስለ ልብሱም ቢሆን ሳይንሱ ከመንዝ ሰው ጋራ ይስማማል፤ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ሙቀት መያዙን ይተዋል፤ የበግ ጠጕር ግን እርጥብ ሆኖ እንኳ ጥቂት ሙቀት ያስቀራል። ጋቢ ለቤትና ለደረቅ ብርድ የተሠራ ግሩም ልብስ ነው፤ በጓሳ ዝናም ውስጥ ግን አይረባም። የመንዝ ሰው በጉን የሚያረባው፣ ጠጕሩንም ፈትሎ ባናና ዝተት የሚሠራው፣ አገሩ እንዲህ ስለ ሆነ ነው።

በማግሥቱ ሰማዩ ታጥቦ አደረ። ባለቤቴ ከተኛችበት ተነሥታ ቆሎ ስትቈረጥም ሳያት ወደ አዲስ አበባ የምንመለስበትን መኪና ላፈላልግ ተነሣሁ። እርስዋ ግን «በረዶ አየሁ፤ አገሩን ግን መቼ አየሁ?» አለች። ተከራከርን። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። በመጨረሻ ገበሬው «እስከ ገደሉ አፍ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ ለምዱን ለብሳ ትሂድ» ብለው ፈረዱ።

በዚያ ጧት ያየነውን ባጭሩ እነግራለሁ። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ከገደሉ ወጥተው ሣር ይነጫሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ያበራል። አንድ ቀይ ቀበሮ ብቻውን፣ ጭላዳዎቹን ሳይፈራና ሳያስፈራ፣ በመካከላቸው እየሄደ አይጥ ያድናል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ የሚገኙትም በአገራችን ብቻ ነው። ይህ አምባ እስከ ዛሬ ሣሩ ሳያልቅ የቈየው የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ስለ ጠበቁት መሆኑን ገበሬው አጫወቱን። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አያስገባም፤ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ ኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ መልክ አቋቋመው። ቤታቸው የተከደነበትም፣ ገመዳቸውም፣ ባለቤቴን ያዳናት ገሳም ከዚያ ሣር የተገኘ ነው።

ስንሰናበት ገንዘብ ለመስጠት ብንሞክር ሁለቱም ተቈጡ። ባለቤቴ ግን በዘዴ ጠየቀች፤ «እማማ፣ ያደርሁበትን ባና ይሽጡልኝ» አለች። እመቤቲቱ ትንሽ አሰቡና «ያንን አልሸጥም፤ ከመሐል ሜዳ ገበያ እንዲህ ያለውን ምረጪ» ብለው ጥሩውን ከመጥፎው በእጅ ዳብሶ እንዴት እንደሚለይ አስተማሯት። ተጐትቶ በወጣው አውቶቡስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ ደረስን፤ እዚያ አድረን ስንመለስ ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ባና በጭናችን ላይ ነበር።

እሑድ ማታ 18 ማዞሪያ ስንወርድ ዶፍ ጠበቀን። ታክሲ እስክንሻገር ድረስ ባናው ረሰረሰ፤ ሁለታችንም ተሸክመነው ቤት ስንደርስ ክብደቱ የአንድ በግ ያህል ሆኖ ነበር። በግቢው ሽቦ ላይ ሰቀልነው፤ በየቀኑ ሲዘንብ እናስገባዋለን፤ ሲያባራ እናወጣዋለን። ጐረቤቶቻችን ምን ዓይነት ምንጣፍ ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። የደረቀው ለመስቀል ሰሞን ነው።